የተናኘወርቅ እጆች

ተናኘወርቅ አሜሪካ ከገባች በኋላ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ጭቃ አልነካችም ነበር። ይህን የነገረችኝ ከተማውን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ፣ የወንዙን ድልድይ ሳንሻገር ትራፊክ ይዞን ቆመን ሳለ ነው። ሁለታችንም የምንኖረው ላንድማርክ የሚባል ሰፈር፣ አንድ አፓርትመንት ሕንፃ ውስጥ ነው፤ እሷ አራተኛ ፎቅ፣ እኔ ሁለተኛ። የሁለታችንም ሥራ ከወንዙ ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። እኔ አንዲት አሜሪካዊት አሮጊት ቤታቸው ሄጄ እንከባከባለሁ፤ እሷ እዚያው አጠገብ ያለ የሥነ ጥበብ ማእከል ትሠራለች። መኪና ያላት እሷ ስለሆነች ጠዋት ይዛኝ ትሄዳለች፣ ማታ ትመልሰኛለች። ስድስት ዓመት እንዲህ ተመላለስን። መኪና ውስጥ ሰው ፊት ለፊት አይተያይም፤ ለዚህ ነው መሰለኝ ቤት ውስጥ የማይወጣው ነገር ሁሉ እዚያ ይወጣል።

የተወለደችው ከደብረ ብርሃን ወደ ቆላው ሲወረድ፣ ስምንት ቤት ብቻ ባለበት የሸክላ ሠሪዎች መንደር ነው። በሰባት ዓመቷ አፈር ታበጥራለች፤ የተሰበረ ሸክላ ወቅጣ ከአዲሱ ጭቃ ጋር ትለውሳለች፣ እሳት ሲነካው እንዳይሰነጠቅ። በአሥራ ሦስት ዓመቷ እንስራ ለብቻዋ ታቆም ነበር።

«እኛ ጋ ጭቃው አይሽከረከርም» ትለኝ ነበር። «ጭቃው ይቆማል፤ ሴትዮዋ ናት የምትዞረው።»

የአካባቢው ሰው ውሃ የሚቀዳው በእነሱ እንስራ፣ ወጥ የሚሠራው በእነሱ ድስት ነው። ቤቱ ግን አያስገባቸውም። ቡዳ ናቸው ይላል፤ ዓይናቸው ሰው ይበላል፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ ይላል። ገበያ ውለው ውሃ ሲጠማቸው መዳፋቸው ላይ ያፈሱላቸዋል እንጂ ዋንጫ አያቀብሏቸውም። ትምህርት ቤት ለሦስት ልጅ በተሠራ ወንበር ላይ ብቻዋን ትቀመጥ ነበር። አንድ ቀን የአንድ ገበሬ ልጅ ሆዱን አሞት ሲጮህ ሰዎች መጡና እናቷን ከሥራቸው ላይ አስነሥተው ወሰዷቸው። «በልተሽዋል፣ እንትፍ በይበት» አሏቸው። እናትዮዋ ተንበርክከው የልጁ ግንባር ላይ እንትፍ አሉ። ልጁ ተሻለው።

«ኃጢአት ነው እንዲህ ማለት» አለችኝ ተናኘወርቅ መሪውን እንደያዘች፣ «ግን ባይሻለው ደስ ይለኝ ነበር። ስለተሻለው እኮ ነው እውነት የሆነው።»

በአሥራ ሰባት ዓመቷ አዲስ አበባ ገባች። ሰው ቤት ተቀጥራ የማታ ተማረች። አገርሽ የት ነው ሲሏት የሌላ ወረዳ ስም ትጠራ ነበር። ገብረየስን ያወቀችው የመሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሲሠራ ነው። ከሠርጋቸው በፊት ሁሉንም ነገረችው። እሱም ሳያቋርጣት ሰማትና፣ «እኔ ግድ የለኝም» አላት። «ግን እኔና አንቺ እንወቀው። ሦስተኛ ሰው አይወቀው።»

«ደግነቱን አይቼ አለቀስኩ» አለችኝ። «ያኔ ሌላ ምን አውቅ ነበር?»

ዲቪ ሲደርሳቸው ልጃቸው ሉሊት ስድስት ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ላንግሊ ፓርክ አንድ መኝታ ክፍል ተከራዩ። ገብረየስ ፓርኪንግ ተቀጠረ፤ እሷ ሆቴል ስታጸዳ ቆይታ በኋላ ማእከሉ ጽዳት ገባች። ማእከሉ ምድር ቤቱ ውስጥ የሸክላ ክፍል አለው። አሜሪካኖች በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር መዘውር ላይ ኩባያና ሳህን ይሠሩበታል። የእሷ ሥራ ወለሉን በእርጥብ መወልወል፣ በጭቃ የተደፈነውን መታጠቢያ መክፈት፣ የተበላሸ ጭቃ የሚጣልበትን በርሜል መክደን ነበር። በርሜሉን ፊቷን አዙራ ነበር የምትከድነው። ሽታው የእናቷን ቀሚስ ያስታውሳታል።

አንድ የካቲት ከሰዓት በኋላ በረዶ መጣል ጀመረና ክላሱ ተሰረዘ። ሰው ሁሉ ወጣ። ገብረየስ መጥቶ እስኪወስዳት ሁለት ሰዓት መጠበቅ ነበረባት። ቁጭ ብላ በርሜሉን አየችው። ከዚያ ተነሥታ አንድ ጉማጅ ጭቃ አወጣች። እንዴት እንደጀመረች አላስታውስም ትላለች። በቡጢዋ መሐሉን ቀደደችው፤ ግድግዳውን ወደ ላይ ሳበችው፤ ጭቃ እንደ ገመድ እያድበለበለች ከላይ ጨመረችበት። ጠረጴዛው ስላልተመቻት ወለሉ ላይ አወረደችውና ዙሪያውን ወደ ኋላ እየተራመደች ዞረችው። የእንስራው አንገት ላይ ስትደርስ ቀና ብትል የሸክላ መምህሯ ሜሪ በሩ ላይ ቆማለች። ሜሪ ረጅም፣ ፀጉሯ የሸበተ፣ በሥራ ብዛት የእጅ አንጓዋ የተጎዳባት ሴት ናት።

ተናኘወርቅ ይቅርታ እያለች ጭቃውን ልታፈርሰው እጇን ሰነዘረች። ሜሪ ሮጣ መጥታ ያዘቻት።

«እባክሽ አትንኪው» አለቻት። «ይሄን ማነው ያስተማረሽ?»

«ማንም» አለች ተናኘወርቅ።

ይህን ስትነግረኝ ከሁሉ በላይ የደጋገመችው አንድ ነገር ነው። «እጄን እኮ ያዘችው፣ ዮዲ። በጭቃ እንደተለወሰ ያዘችው።»

ከዚያ በኋላ ሜሪ አልለቀቀቻትም። በፀደዩ አንድ ቅዳሜ ለተማሪዎቿ እንድታሳይ አደረገቻት። በዓመቱ የራሷን ክላስ ሰጧት። ጽዳቱን ትታ መምህር ሆነች። ለገብረየስ ግን «ሱፐርቫይዘር አደረጉኝ» ነበር ያለችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሱፐርቫይዘር ሆና ኖረች። ከመኪናው ከመውረዷ በፊት ጥፍሯን በጥርስ መፋቂያ ስትጠርግ እኔ አውቃለሁ። አንድ እሑድ ገብረየስ ቀለበቷ ሥር የደረቀ ጭቃ አየ።

«ሰው አይቶሻል?» አላት።

«ፈረንጆች ናቸው ያሉት።»

አልጮኸም፤ ገብረየስ አይጮህም። «እንግዲያው ስምሽን አትጻፊ» አላት።

በዚህ ምክንያት በማእከሉ ፍላየር፣ በማስታወቂያው ወረቀት ላይ ስሟ ቴና ሆነ። ልጃቸው ሉሊትም ያደገችው እናቷ ማእከሉ ውስጥ ቢሮ የምትሠራ መስሏት ነው።

ቴና ጥሩ መምህር ነበረች። ማሞገስ አታውቅም። ተማሪዎቿን ዓይናቸውን አስጨፍና የጭቃውን ውፍረት በጣታቸው እንዲያውቁ ታደርጋለች። ጡረታ የወጡ ሐኪሞች፣ ጠበቆች፣ የሰው ጠባይ እንጂ የጭቃ ጠባይ የማያውቁ ሰዎች ወረፋ ይዘው ይጠብቋታል። እሷ ራሷ የሠራችው ደረቷ ድረስ የሚመጣ ጋን መግቢያው አዳራሽ ላይ ቆመ። በእነዚያ ዓመታት ጠዋት መኪና ውስጥ ስገባ ታንጎራጉር ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ስታንጎራጉር ሰምቼ አላውቅም።

ሉሊት ሃያ አራት ዓመት ሲሆናት፣ በሚያዝያ፣ የእናቷ መኪና ተበላሸና ልትወስዳት ማእከሉ ሄደች። ቢሮ ብትፈልግ የለችም። ምድር ቤት ነው ያለችው አሏት። ወረደች። እናቷ በአሥራ ሁለት ሰው ተከባ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ አንድ ትልቅ ጋን ዙሪያ ወደ ኋላ እየተራመደች ትዞራለች። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ቀረጸቻት።

ወደ ቤት ሲመለሱ ሉሊት በደስታ አብዳ ነበር አሉ። «ማሚ፣ ለምን አልነገርሽኝም? ዩ አር አሜዚንግ!» እናቷ አሸናፊ ትሁን ተሸናፊ በማያስታውቅ ፈገግታ፣ «እንዲያው ነው» አለቻት። ለማንም እንዳታሳዪው ግን አላለቻትም። ያን ዕለት ልጇ ስታደንቃት መስማት ደስ ብሏት ነበር፤ አንድ ቀን ደስ ቢላት ምን አለበት?

ሉሊት በማግሥቱ ፖስት አደረገችው። የእናቷን ሙሉ ስም ጻፈችበት፣ በኩራት። በሦስት ቀን ውስጥ ስንትና ስንት ሺህ ሰው አየው። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ጻፉላት፤ ከዚያ ቪዲዮው ወደ ሐበሻው ተሻገረና በአማርኛ መጻፍ ጀመሩ። ሉሊት አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። አባቷ ሥራ ላይ ነበር። ስልኳን ይዛ ወደ እኔ ወረደች።

«አንቲ ዮዲ፣ ይሄ ምን ይላል?»

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። «እጅሽ ይባረክ ይላል» አልኳት፤ እውነቴን ነበር። ቀጥሎ ያለውን ስታሳየኝ ግን ደግሜ አነበብኩት። «ጅቧ አሜሪካም ገባች እንዴ?» ይላል። ከሥሩ፣ «ዓይኗን ተመልከቱት፤ ልጆቻችሁን ሸሽጉ።» ከሥሩ፣ «ኧረ ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ፣ ማኅበር ታበላለች።»

«ይሄስ?» አለችኝ ሉሊት።

«ይሄም ያው ነው። እግዚአብሔር ይባርክሽ ነው የሚለው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ኩሽናዬ ውስጥ ቆማ ለእያንዳንዱ ቀይ ልብ ስትሰጥ አየኋት። አንድ በአንድ። አዘንኩላት፣ ልጅ ናት፣ ለምን ልቧን ልስበር ብዬ ነው። እንዲህ ብዬ ነው ለራሴም የነገርኩት።

ተናኘወርቅ ያን ማታ በገብረየስ ስልክ አየችው። ስድቡ አልነበረም የገደላት፤ ስድቡን ከልጅነቷ ታውቀዋለች። ከእያንዳንዱ ስድብ ሥር የልጇ ስምና ልብ ነበር።

በግንቦት የኪዳነ ምሕረት ማኅበራችን ተራ የእሷ ነበር። አሥራ ስድስት ቀን በሥራ ቀን ስለዋለ እሑድ አደረግነው። ከአሥራ አራታችን ዘጠኝ መጣን። ቤቱን አሳምራው ነበር። ጸሎት ተደረሰ፤ ድፎ ዳቦው ተቆረሰ፤ ገብረየስ በትሪ ይዞ ዞረ። የመጀመሪያዋ ሹገር አለብኝ አለች። ሁለተኛዋ ጨጓራዬን አለች። ሦስተኛዋ ዶክተር ስንዴ ከልክሎኛል ብላ ስለ ስንዴ ረጅም ወሬ ጀመረች። ትሪው እኔ ጋ ደረሰ።

አምንበት ነበር ወይ? አላምንም። ስድስት ዓመት ከእሷ ጋር ከአንድ ጠርሙስ ውሃ ስንጠጣ የኖርን ሰዎች ነን። ግን ከጎኔ ያሉት ሁሉ ያዩኝ ነበር። እጄ እንደሚዘረጋ ሆኖ ጭኔ ላይ ተመለሰ። «ከቤት በልቼ ነው የመጣሁት» አልኩ።

ገብረየስ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወንበር ሳበና ተቀመጠ። አንድ ቁራሽ አንሥቶ በላ። ሁለተኛ አነሣ። እሱ እያኘከ፣ ወለሉን እያየ፣ አራት አምስት ቁራሽ በላ። ተናኘወርቅ ኩሽናው በር ላይ ቆማ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን። እኔ ጋ ስትደርስ ቆየች።

ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ፓርኪንጉ ላይ ጠበቅኳት። መጥታ አጠገቤ ቆመች። በሩን ልከፍት ስል ተቆልፏል። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገች።

«ዮዲ፣ ዛሬም ከቤት በልተሽ ነው የመጣሽው?» አለችኝ።

መስኮቱን መልሳ ዘግታ ነድታ ሄደች። ያን ቀን በአውቶቡስና በሁለት ባቡር ሥራ ገባሁ፤ አሮጊቷ ቁርሳቸውን ሳይበሉ አንድ ሰዓት ተኩል ጠብቀውኛል። ከዚያ ወዲህ ያለውን የሰማሁት ከእሷ አይደለም፤ አብዛኛውን ከገብረየስ፣ ጥቂቱን ከሉሊት ነው።

ሉሊት ከኮሌጅ ጀምሮ ማቲያስ የሚባል ልጅ ይዛ ነበር። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቃል ታስሮ፣ ሠርጉ ለመስከረም ተቆርጧል። ቪዲዮው ከወጣ በኋላ የማቲያስ እናት እትዬ ጸዳለ ተናኘወርቅንና ገብረየስን ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው አስጠሯቸው። እትዬ ጸዳለ ክፉ ሴት አይደሉም። ሐዘን ቤት ቀድመው የሚደርሱ፣ አዲስ ለመጣ ሰው ሥራ የሚፈልጉ፣ ድምፃቸው ለስላሳ የሆነ ሴትዮ ናቸው። ያን ቀንም ድምፃቸውን አላነሡም አለኝ ገብረየስ።

«እኔ ለራሴ በዚህ ነገር አላምንም» አሉ። «ግን ዘመድ አለ፣ ሰው አለ። ልጆቹ ይጋቡ፣ እኔ አልከለክልም። እርስዎ ብቻ ይሄን የሸክላውን ነገር ይተዉልኝ። ቪዲዮውም ይጥፋ። የሙሽራዋ እናት ሸክላ ሠሪ ናት አይባልብኝ።»

ተናኘወርቅ የሚያብረቀርቀውን ኩሽና አሻግራ አየች። ምድጃው ላይ ጥቁር የሸክላ ድስት ተጥዷል።

«እትዬ ጸዳለ፣ ያ ድስት ከሰማይ ነው የወረደው?» አለቻቸው።

ሴትዮዋ ፊታቸው ቀላ። መልሱን የሰጠው ግን ገብረየስ ነው። «ትተዋለች» አለ። «ለልጇ ስትል ትተዋለች።»

«እሷ ሳትናገር እኔ ተናገርኩላት» አለኝ በኋላ፣ ሕንፃችን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ቆመን። «ሠላሳ ዓመት ስናገርላት ኖሬ ለምዶብኝ ይሆናል።»

ተወችው። ሜሪ በዚያ ዓመት ጡረታ ወጥታ ሌላ ስቴት ሄዳ ስለነበር የሚይዛትም አልነበረም። የመጨረሻው ቀን ተማሪዎቿ ለምን ሲሏት «ልጄን ልድር ነው» አለቻቸው፤ አጨበጨቡላት። ቪዲዮውንም ሉሊት አጠፋችው። የአማቷ ቤተሰብ ወግ አጥባቂ ስለሆነ ነው፣ ኢንተርኔት ላይ መውጣት አይወዱም ብለዋት አመነች። ሠርጉ አማረ። የተናኘወርቅ ቀሚስ ወርቃማ ነበር፤ እጇን ግን ፎቶ በተነሣ ቁጥር ከነጠላዋ ሥር ስታስገባው አይቻለሁ።

በዓመቱ ወንድ ልጅ ተወለደ፣ ፍሬዘር አሉት። ሉሊትና ማቲያስ ሥራ ሲመለሱ ሕፃኑን የሚይዙት እትዬ ጸዳለ ሆኑ። ተናኘወርቅ በሄደች ቁጥር ሕፃኑ ተኝቷል። ቢነቃም ፊቱ በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ነው የሚያቀብሏት። ብርድ እንዳይነካው ነው ይሏታል። ሐምሌ ነበር፤ የአሜሪካ ሐምሌ ደግሞ ሙቀት ነው።

አንድ ቅዳሜ ሉሊት ልጇን ይዛ ላንድማርክ መጣች። ተናኘወርቅ ልብሱን ልትቀይርለት ስትፈታ አንገቱ ላይ በጥቁር ክር የታሰረ ትንሽ የቆዳ ክታብ አገኘች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለቻት ልጇን።

ሉሊት ሳቀች። «ጉድ ላክ ነው፣ ማሚ። የማቲያስ እናት ናቸው ያሰሩለት። አንቺ ጋ ስንመጣ በተለይ እንዳልረሳው ይነግሩኛል። ኪዩት አይደል?»

ተናኘወርቅ ሕፃኑን አልጋው ላይ አስተኛችው። እጇን ታጠበች። ከዚያ ተቀምጣ፣ ከደብረ ብርሃኑ መንደር ጀምራ፣ እናቷ የተንበረከኩበትን ቀን፣ ዳቦውን፣ የእትዬ ጸዳለን ኩሽና፣ ክታቡ ከማን ዓይን ሊጠብቅ እንደታሰረ፣ ሁሉንም ነገረቻት። ከቪዲዮው ሥር የተጻፈውንም ነገረቻት።

ሉሊት ደረጃውን ሮጣ ወርዳ በሬን ስታንኳኳ ሕፃኑን እንደታቀፈች ነበር። የተናገረችው በእንግሊዝኛ ነው።

«ይባርክሽ ነው የሚለው ብለሽኝ ነበር።»

«ልጄ፣ እኔ እንዳታዝኚ ብዬ…»

«እናቴን ጅብ ያላትን ሰው እኔ ልብ ሰጠሁት። አንቺ ቆመሽ እያየሽኝ።»

በሩን ራሷ ዘጋችው።

እኔ የጠበቅኩት ሉሊት ቤቱን በአንድ እግሩ ታቆመዋለች ብዬ ነበር። ሞክራለችም። ማቲያስ ራሱን ይዞ፣ «እናቴ ናት፣ ምን ላድርጋት? የድሮ ሰው ነገር ነው፣ ዝም በይው» አላት። የሕፃናት ማቆያ፣ ዴይኬር መፈለግ ጀመሩ፤ ወረፋው ረጅም ነው። ሳምንቱ ወር ሆነ። ሉሊት ደክማ ነበር፤ ልጁ ሌሊት አያስተኛም፣ ሥራዋ ይጠብቃታል፣ እትዬ ጸዳለ ደግሞ ልጁን ከልባቸው ይወዱታል። በመጨረሻ ወደ እናቷ መጥታ፣ «ማሚ፣ ለጊዜው ነው» አለቻት።

ተናኘወርቅ አንድ ነገር ብቻ ለመነች። እሑድ እሑድ እሷ ጋ ሲመጣ፣ ጭኗ ላይ እስካለ ድረስ ክሩ ይፈታ። ሉሊት እሺ አለች። በየእሑዱ ሲገቡ በሩ ላይ ትፈታዋለች፤ ሲወጡ አሳንሰሩ ውስጥ መልሳ ታስረዋለች። አንድ ቀን እኔ አሳንሰሩ ውስጥ ነበርኩ። ሉሊት እኔን እንዳላየች ሆና ክሩን ቋጠረች።

በመጸው ተናኘወርቅ ማእከሉ ተመልሳ ሄደች። ቃሏን ጠብቃ ምን እንዳተረፈች አይታለች። በሩ ላይ ፍላየር ተለጥፏል፤ ጥንታዊ የኢትዮጵያ ሸክላ አሠራር፣ ማክሰኞና ሐሙስ ይላል። የምታስተምረው ሁለት ዓመት ከእሷ የተማረች አሜሪካዊት ናት። ቢሮ ያለችው ወጣት በደንብ ተቀበለቻት። ክላሱ ተይዟል፣ ግን አንድ ቀን እንግዳ ሆነሽ ብትመጪና ታሪክሽን ብታወሪላቸው በጣም ደስ ይለናል አለቻት።

«ታሪክ አላወራም» አለች ተናኘወርቅ። «እኔ የማውቀው ጭቃ ነው።»

አዳራሹ ላይ ያቆመችውን ጋን እወስዳለሁ ብትል፣ የማእከሉ ንብረት ሆኖ ተመዝግቧል አሏት። የፈረመችውን ወረቀት አሳዩአት። ፈርማለች።

ዘንድሮ ጥር ላይ ሴቨን ኮርነርስ ካለ የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ልገዛ ገብቼ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት አየሁ። የሸክላ ትምህርት፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቅዳሜ ጠዋት። ከሥሩ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ሙሉ ስሟ ከነአባቷ ስም ተጽፏል። ባለሱቁ ራሷ መጥታ እንደለጠፈችው ነገረኝ። አንዱ ደንበኛ ሊቀደው ብሎ ከልክዬዋለሁ አለኝ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ግን አልሄድም እንግዲህ» ብሎ ሳቀ።

እኔ ተመዘገብኩ። ቦታው የአንድ የአረጋውያን ማእከል ምድር ቤት ነው። ማቃጠያ ምድጃ የለውም፤ የተሠራውን በመኪና ጭና ሌላ ቦታ ወስዳ ነው የምታቃጥለው። ዘጠኝ ተማሪ ነበርን፤ ከእኔ በቀር ሐበሻ የለም። ስገባ ፊቷ አልተለወጠም። ስሜን ከዝርዝሩ ላይ እንደ ማንኛውም ሰው ስም አነበበች። አርጅታለች፤ ትከሻዋ ግን እንደ ድሮው ነው።

ጭቃ ሰጠችኝ። እንዴት በቡጢ እንደሚቀደድ አሳየችን። በእንግሊዝኛ ነበር የምታስተምረው፣ ይሄ አያስገርምም። ከዚያ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረች እኔ ጋ ደረሰች። የእኔ ጭቃ ወደ አንድ ጎን ዘምሞ ነበር።

«ተናኘ» አልኳት በአማርኛ፣ ሌሎቹ እንደማይሰሙ ስለማውቅ። «ያን ቀን፣ ዳቦውን…»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ ቃሉን እየለየች፣ ለሌሎቹ በምትናገርበት ድምፅ መለሰችልኝ። ግድግዳው ወፍራም ነው አለች፤ ከታች ጀምሪና ቀስ እያልሽ ሳቢው። ጭቃዬን ግን አልነካችውም።

ሦስት ወር ሆነኝ ስሄድ። እስካሁን አንድም ቃል በአማርኛ አልመለሰችልኝም። ባለፈው ሳምንት አንዱ ተማሪ፣ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ፣ ሁለታችሁ ከአንድ አገር ናችሁ አይደል ብሎ ጠየቃት።

«ከአንድ ሕንፃ ነን» አለችው፤ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈች።